ዋፍሉን በዱባና በጤፍ እንጋግረው፣ የአልሞንድ ወተት ፍለጋ አትላኩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ባለፈው የምግብ አምዳችሁ ላይ ስለ ጤናማ ዋፍል የወጣውን አነበብኩት። ሀሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ስኳሩን ቀንሱ ነጩን የፉርኖ ዱቄት ተዉ መባሉ ልክ ነው፣ ግን ወረድ ሲል የአልሞንድ ወተት፣ ብሉቤሪ፣ ቺያ የሚባል ፍሬ፣ የኮኮናት ዘይት እያለ ሲዘረዝር እኔ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ይሄን ከየት ነው የማመጣው አልኩ፣ ባገኘውስ በስንት ብር? አጃውስ እሺ፣ እሱ ቾቄ ተራራ ስር አለ፣ እንግዶ የሚሉት። ሌላውን ግን አንዲት የሞጣ ወይ የቢቸና እናት ብታነበው ጤናማ ምግብ ማለት የሀብታም ምግብ ነው ለካ ብላ ጋዜጣውን አጣጥፋ ነው የምታስቀምጠው። እኔን ያስጻፈኝ ይሄ ነው፣ ለጤናማ ዋፍል የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ ጎተራችንና ጓሯችን ውስጥ አለ እኮ።

ዋፍል ስል ሱቅ ላይ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ክሬም ያለበትን ዋፈር ማለቴ አይደለም፣ ሊጡ በሁለት የጋሉ ብረቶች መሀል ፈሶ እንደ ማር እንጀራ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ የሚወጣውን ነው። ማሽኑን ከሦስት ዓመት በፊት እታለም ከአዲስ አበባ ስትመጣ አመጣችልኝ፣ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላል አድርጌ ስጋግር ልጆቹ አበዱ፣ በተለይ ትንሿ ከዛ በኋላ እንጀራም ገንፎም እምቢ ብላ ዋፍል ብቻ ሆነች። ያኔ ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር። ክብደቷ አልጨምር ሲል የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ምን ትበላለች አለችኝ፣ ዋፍል አልኳት አፍሬ፣ ተይው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ "ታዲያ ውስጡ ምን ምን አስገባሽበት?" ብቻ ነው ያለችኝ። ያቺ ጥያቄ ቤቴን ቀየረችው ብል አላጋነንኩም።

እኛ ጎጃሞች ትርፍ አምራች ነን እንላለን፣ እውነትም ነን፣ ነጩ ጤፋችን አዲስ አበባ ድረስ በስማችን ነው የሚሸጠው። ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር፣ በአገር ደረጃ ደግሞ 38 በመቶ። ትርፍ የሚያመርተው ክልል ከአገሩ አማካይ የባሰ ነበር ማለት ነው፣ ይሄን ሳነብ አልቅሻለሁ። መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለውን በ2007 ዓ.ም. የገባውም ይሄን መቀንጨር እናጥፋ ብሎ ነው። እህል ሞልቶ ልጅ የሚቀነጭረው አንዱ ምክንያት ሳህኑ ላይ የሚቀርበው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፣ እህል በእህል ላይ፣ አትክልቱ ለገበያ እንቁላሉ ለገበያ። ስለዚ ልጁ ወዶ የሚበላው ነገር ሲገኝ እሱን መንቀፍ ሳይሆን ውስጡን መሙላት ነው የሚያዋጣው ባይ ነኝ።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዱባውን ቀቅዬ (ውሃ ውስጥ ሳይሆን በእንፋሎት ቢሆን ይሻላል ውሃ አይጠጣም) እፈጨዋለሁ፣ አንድ ብርጭቆ ዱባ፣ አንድ ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት ሰርገኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አንድ ብርጭቆ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ቅመም ያልገባበት የሽንብራ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ገደማ ወተት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው ቆንጠር። ስኳር የለም፣ ዱባው ራሱ ይጣፍጣል፣ ካነሰ አንድ የበሰለ ሙዝ ይፈጭበታል። ጤፍ ብቻውን አድርጌ ሞክሬ ተፈርፍሮብኛል፣ ምክንያቱም ጤፍ ሊጥ የሚያያይዘው ግሉተን የሚባለው ነገር የለውም፣ የሚይዘው ይፈልጋል፣ ስንዴውና እንቁላሉ ለሱ ነው። የሽንብራው ነገር ደግሞ እህል የሚያንሰውን ፕሮቲን ጥራጥሬ ይሞላዋል፣ እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ሲያበሉን የኖሩት ይሄንኑ ነው። ዘይቱን አትፍሩት በልኩ ከሆነ፣ ዱባና ካሮት ውስጥ ያለው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይገባም፣ ዳፍንት የምንለው የማታ ዕውርነት የሚመጣው በዚህ ቫይታሚን እጥረት ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፣ አምዳችሁ ጨርሶ የረሳው እሱን ነው። እንቁላልና ወተት ይግባበት ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ እኛ ጋ ግን ረቡዕና አርብ አለ፣ ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እንጹም ብለው ይነሳሉ። ታዲያ መፍትሄው ቺያ ሳይሆን ተልባ ነው! የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሦስት ማንኪያ ውሃ ለአስር ደቂቃ ተዉት፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል፣ ለአንድ እንቁላል ምትክ ይሆናል፣ ለሁለት እንቁላል ሁለት ማንኪያ ተልባ በስድስት ማንኪያ ውሃ። ወተቱን በሱፍ ውሃ ቀይሩት፣ ዘይቱ የኑግ ይሁን፣ የኑግ ዘይት ሽታው ጠንከር ይላል የሚል ሰው አለ እኔ ግን ከጤፍ ጋር እወደዋለሁ። የኛ ቤት የጾም ዋፍል ከፍስኩ በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይሄን የምለው ለማስጎምዠት ሳይሆን በጾም ወቅት ልጆች ብስኩትና ለስላሳ ላይ ስለሚወድቁ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ማታ ጤፉንና ስንዴውን ከእንጀራው እርሾ ጠብ አድርጋችሁ በጥብጣችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ዱባውንና ሌላውን ጨምሩ፣ ትንሽ ሶዳ ጣል ስታደርጉበት ኮምጣጣነቱ ይበርዳል አረፋውም ይነሳል፣ ቤኪንግ ፓውደር እንኳ አያስፈልግም። እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፣ ሲቦካ ይቀንሳል፣ ስለዚ ያው አንድ ብርጭቆ ጤፍ ለልጁ የሚሰጠው ብረት ይጨምራል ማለት ነው። አያቶቻችን ስሙን ሳያውቁት የሠሩትን ነው።

ጨዋማው ዋፍል ደግሞ ለልጆቹ ምሳ ዕቃ የማደርገው ነው። የእንጅባራ ድንች ቀቅዬ እደቁሰዋለሁ፣ ካሮት እፍቃለሁ፣ ጎመን በጣም አድቅቄ እከትፋለሁ፣ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ፣ የሽንብራ ዱቄት፣ እንቁላል ወይ ተልባ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ነው። አትክልት ውሃ ነው እንጂ ምንድነው፣ ካሮቱንና ጎመኑን ጨው ነስንሳችሁ አስር ደቂቃ ካቆያችሁ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ጥምዝዝ አድርጋችሁ ካልጨመቃችሁት ዋፍሉ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል ማሽኑ ላይም ይለጠፋል። ማሽኑ በደንብ ይጋል፣ ዘይት ይቀባ፣ ሊጡን ካፈሰሳችሁ በኋላ ደግሞ እንፋሎቱ እስኪቆም አትክፈቱት፣ ቀድሞ የከፈተ ሰው ሁለት ቦታ ተቀዶ ነው የሚያገኘው፣ ከነጭ ዱቄቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ የበለጠ ይፈልጋል። ሲወጣ ሳህን ላይ አትደራርቡት ያልበዋል ይልፈሰፈሳል፣ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አየር ይግባበት። ቲማቲም ወይ ሎሚ ጠብ ያለበት ሰላጣ አብሮ ቢቀርብ ቫይታሚን ሲው የጎመኑንና የሽንብራውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል።

አምዳችሁ አትክልቱን ልጆች እንዳያዩት ደብቁት ይላል፣ በዚህ አልስማማም። የተደበቀ ጎመን የበላ ልጅ ጎመን መብላት አልተማረም፣ ነገ ሳህን ላይ ሲያየው ያው እምቢ ነው። የኔ ልጆች ካሮቱን ራሳቸው ናቸው የሚፍቁት፣ ትልቁ የዱባውን ፍሬ አጥቦ ያሰጣዋል ቆልተን እንበላዋለን፣ ትንሿ ቀይ ስር የገባበትን ቀዩ ነው የኔ ትላለች። አረንጓዴው ከነአረንጓዴነቱ ይታይ።

ስለ ማር ልናገር፣ ጎጃም ሆኖ ማርን መንካት ከባድ ነው አውቃለሁ፣ እኔም ማር አምልኬ ያደግኩ ነኝ። ግን ስኳር አቆምኩ ብሎ ዋፍሉን ማር የሚያጠጣ ብዙ ሰው አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ማርንም የሚቆጥረው ከስኳር ጋር ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ለልጅ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይበቃል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጨርሶ ማር አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ ይሄን እባካችሁ በትልቁ ጻፉልን ምክንያቱም እኛ ጋ አሁንም ለሕፃን ማር የሚያልስ አለ።

መብራት ሲጠፋስ ለምትሉ፣ እኔ አሁን በእሳት ላይ የሚገለበጠውን የብረቱን ዓይነት ከመርካቶ አስመጥቻለሁ፣ ከሰል ላይ አንድ ጎኑን ሦስት ደቂቃ ከዛ ገልበጥ፣ ከኤሌክትሪኩ የበለጠ ቆዳው ይንኮሻኮሻል። እሱም ከሌለ ግዴላችሁም፣ ያንኑ ሊጥ ምጣድ ላይ ወፈር አድርጋችሁ ጋግሩት፣ ጉድጓዱ ይቀራል እንጂ ዱባው አይቀርም።

የምለምናችሁ ይሄን ነው፣ አምዱን የሚያዘጋጀው ሰው አንድ ጊዜ ወደ ገበያችን ወጣ ብሎ ያለውን አይቶ ይጻፍልን። መራዊ ላይ ቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው፣ ሽንኩርቱ ጥቅል ጎመኑ ድንቹ ከዛ ይመጣል፣ ወዲህ ጤፍ ወዲያ ተልባ። የጾሙንና የፍስኩን ለየብቻ፣ ልኩን በብርጭቆና በማንኪያ፣ ሚዛን ያለው ቤት ጥቂት ነውና። አሁን ዱባው ገበያ ላይ ነው፣ ሳያልፍ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ከደብረ ማርቆስ