የድጋፍ ጥሪ፦ ደብተሮቻችን በሰው ቤት ናቸው፣ ክረምቱም ደረሰ

ወገኖቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ። መልካም ዜና ይዘን ብንመጣ ደስ ባለን ነበር። ያው ልመና ነው። እናንተም ሰልችቷችኋል፣ እኛም አፍረናል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሌሊት የተነሳው ነፋስ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ያለውን፣ ሀንቲንግተን የሚባል የዘር በሽታ ያለባቸው ቤተሰቦች የሆነውን የማኅበራችንን ቤት ክዳን ግማሹን ገንጥሎ ወሰደው። የቀረው ግማሽ ዝናቡ ሲከብደው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። ከደንቢያ መጥተው ያደሩት እናትና ልጅ የተሳፈሩት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። ወራጁን ምስጥ ጨርሶት ኖሯል። ቀድመን ማየት ነበረብን፣ አላየንም። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኛው እንንገራችሁ ብለን ነው።

ፍራሽ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ያስለቀሰን ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን እንደታመመ የሣልንበት የዘር ሐረጉ ነው። አራት ዓመት የፈጀ ትልቅ ወረቀት ነበር። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ፣ የታመመው በጥቁር የተቀባ። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ። ጠዋት ስንደርስ ግድግዳው ላይ እንደ እርጥብ እንጀራ ተለጥፎ አገኘነው። ቀለሙ ፈስሶ ታማሚውን ከጤነኛው መለየት አልተቻለም። አንዷ እህታችን ቀስ ብላ ላጠችውና ሰፌድ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። «በርበሬ ያሰጣሁ መሰልኩ» ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ከጥቁሮቹ ክቦች አንዷ እናቷ ናቸው።

የየሰዉ ሁኔታ በየዓመቱ የሚጻፍበት ደብተር ግን የብረት ሳጥን ውስጥ ስለነበር ተርፏል። አሁን አንድ አባላችን ቤት አልጋ ስር ነው።

ታሪካችንን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ፦ በሽታው ሀንቲንግተን ይባላል። አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳ፣ በዘር የሚወረስ በሽታ ነው። ከወላጅ አንዱ ካለበት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዘውድ ወይ ጎፈር ነው። የመጀመሪያው ልጅ አመለጠ ማለት ሁለተኛው ተያዘ ማለት አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ሳንቲሙ እንደገና ይወረወራል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ያኔ ሰው አግብቷል፣ ወልዷል።

መጀመሪያ ጠባይ ይለወጣል። ዝምተኛው ቁጡ ይሆናል፣ ሳቂታው ይዘጋል። ከዚያ አካል ሳያዙት መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንድ ወንድማችን አዘዞ ሰርግ ላይ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሰዉ አጨበጨበለት። ጎንደር ነው፣ ትከሻ ሲነቃነቅ እስክስታ ነው የሚመስለን። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ሊበላ ነበር የፈለገው። ከወር በኋላ ያንኑ ሰው ሰክሯል ብለው ከአንድ ጠጅ ቤት አስወጡት። ጠጅ አፉ አልገባም ነበር። በየቤቱ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው፣ የአያት እርግማን ነው ሲባል ስንት ዓመት አለፈ። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፣ እኛም እንሄዳለን። የሐኪም ክትትሉንም ጸበሉንም ማለታችን ነው።

እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም። እንቅስቃሴውን የሚያረግብ አለ፣ ለድብርቱም አለ። ታዲያ ደብተሩ ምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት አንስተው ነበር፣ በቅጡ አልመለስንላቸውም።

በቬኔዙዌላ ማራካይቦ የሚባል ሐይቅ አለ። ዳሩ ላይ ይህን በሽታ በብዛት የወረሱ ድሃ ዓሣ አጥማጆች ይኖራሉ። ዶክተር ናንሲ ዌክስለር የሚባሉ አሜሪካዊት እናታቸው በዚሁ በሽታ ሞተውባቸው ነበር። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በየዓመቱ ወደዚያ እየተመላለሱ ደም ሰበሰቡ፣ ዘር ቆጠሩ። ከ4,000 በላይ ሰዎች ደም ሰጡ፣ የዘር ሐረጉ ከ18,000 በላይ ሰው ያዘ። በ1983 ጥፋቱ ያለው ክሮሞሶም 4 በሚባለው የዘር መያዣ ክር ላይ መሆኑ ታወቀ። በሽታውን የሚያመጣው ዘረመል ራሱ እስኪገኝ ሌላ 10 ዓመት ፈጀ፣ 1993 ላይ ተገኘ። ዘረመሉ እንደ ጽሑፍ ቢታይ፣ ሦስት ፊደል እንደሚንተባተብ አንባቢ ከልክ በላይ ይደጋገማል። 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ፣ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም። ዛሬ በዓለም ላይ ለዚህ በሽታ የሚደረገው የደም ምርመራ ከዚያ ከሐይቁ ዳር ነው የጀመረው። ዶክተሯም በሽታው እንዳለባቸው በ2020 ራሳቸው ተናግረዋል።

እኛ አገር ደግሞ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር ማንም አያስተምረንም። ለጋብቻ ሲባል ስንቆጥር ኖረናል። የወገራ አንዲት እናት ፊደል ሳይቆጥሩ የስድስት ትውልድ ዘመድ በቃላቸው ሲያወርዱልን ጸሐፊያችን ሦስት ጊዜ «ቀስ ይበሉ እማማ» ብሏቸዋል። ያ ሁሉ ነው ዝናብ የጠጣው።

ውጭ አገር ያለችው እህታችን ኤንሮል ኤች ዲ በሚባለው የሀንቲንግተን ጥናት ውስጥ ናት። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ነው፣ ከ20,000 በላይ ሰው ገብቶበታል። መድኃኒት አይሰጥበትም። በየዓመቱ አንድ ቀን ትሄዳለች፣ ደም ትሰጣለች፣ ትፈተናለች። «ምላስሽን አውጪና 10 ሰከንድ ያዢው ይሉኛል፣ እማዬ ብታይ በጥፊ ነበር የምትለኝ» ትላለች በስልክ። በቀጭን መስመር ላይ ተረከዝ ከጣት እያስነኩ ማስኬድም አለ። «ቀይ» የሚል ቃል በሰማያዊ ቀለም ጽፈው ቀለሙን ንገሪን ይሏታል። ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩት። የራሷን የዘረመል ውጤት አታውቅም። ማወቅም አትፈልግም፣ አያስገድዷትም። የወረሱትም ያልወረሱትም፣ በጋብቻ የገቡትም ይፈለጋሉ፣ ያለ ጤነኛው የታመመው በምን ይመዘናል? ደግሞ አንድ ዓመት ታይቶ አይበቃም። በሽታው ከጀመረ በኋላ 15 እና 20 ዓመት ይሄዳል፣ ከመጀመሩ በፊትም አንጎል ውስጥ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ማየት ነው።

የእኛ መዝገብ ጥናት አይደለም፣ አንዋሽም። ጥናት ጎንደር የመጣ ቀን «ከየት እንጀምር» እንዳይባል የምናዘጋጀው ነው። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፣ ይመጣል ብለን እናምናለን። እስከዚያው በዓመት አንድ ጊዜ ቤተሰቡ ይመጣል፣ ክብደቱ ይለካል፣ ምን እንደተለወጠ ይጻፋል፣ ሐኪም ጋ ሲሄድ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለቱ ቁልፎች ሁለት ሰው ጋ ናቸው። ልውጣ ያለ ሰው ገጹ ተቀዶ በእጁ ይሰጠዋል። ሁለት ሰዎች ጠይቀው ወስደዋል፣ ዛሬም ሰላምታችን አልተቋረጠም። ልጅ ለመዳር የፈራ ቤተሰብ ይህን ይወቅልን።

አሁን ወደ ብሩ። «የት ገባ?» የሚለውን ሰምተናል። በግንባር ብትጠይቁን በተሻለ ነበር፣ ግን ይሁን። ትልቁ ወጪ መሳፈሪያ ነው። ከደባርቅና ከጭልጋ ለሚመጣ አስታማሚና ታማሚ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከተማ ውስጥ የቀሩትንም ቀልበናል። ሁለተኛው ቅቤ ነው። አዎ፣ ቅቤ። ብዙ ያስወራው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ክብደታቸው እያደር ይቀንሳል። ከጤነኛ ሰው የበለጠ መብላት አለባቸው፣ መዋጥ ደግሞ ያስቸግራቸዋል፣ ትን ይላቸዋል። ወፈር ያለ አጥሚትና ገንፎ በቅቤ ነው የሚሆናቸው። በጾምም ጭምር፣ የንስሐ አባቶቻቸው ፈቅደውላቸው። ገንፎውን የበላ የኮሚቴ አባል ካለ ስሙን አምጡ። የቀረው ለሚዛን፣ ለወለል ፍራሽ (ከአልጋ ስለሚወድቁ) እና ለበር ወጥቷል። ደረሰኙ ሁሉ አለ፣ ያልረጠበው።

የቆርቆሮ መዋጮው ቆሟል። ቤቱን ለመክደን 68 ቆርቆሮ ያስፈልጋል። 9 አሮጌ አቃንተን ለይተናል፣ 23 ቃል ተገብቶልናል። 36 ይቀራል። ወራጁ አሁን በደንብ የደረቀ ባህር ዛፍ ይሆናል፣ የምስጥ መድኃኒት ተቀብቶ። ሞራሌና ሚስማር ለየብቻ ነው። ብር የሌለው ጉልበት ይስጥ። ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ነጋዴዎች በዱቤ ብትሰጡንም አንጠላም፣ ባለፈው የከፈልነውን ታስታውሳላችሁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ ቤት አድሯል። የታመመ መጠየቅ በሁላችን ዘንድ ግዴታ ነው፣ ዘካም ሆነ አስራት የምታወጡ ይህን ቤት አስቡልን። ለሰኔ ሚካኤል ካልተከደነ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ አይቆምም።

ስለ አከፋፈሉ። እባካችሁ በጥሞና አንብቡ። የሂሳብ ቁጥሩን እዚህ አልጻፍነውም። መስከረም ላይ አንድ ሰው ጽሑፋችንን ቀድቶ የራሱን ቁጥር አስገብቶበት ስንት ሰው ተበልቷል። ትክክለኛው ቁጥር ያለው ሦስት ቦታ ነው፦ በየእድሮቻችሁ ጸሐፊዎች እጅ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኛችን ጀርባ ላይ፣ እና የቤታችን በር ላይ። በሩ አልወደቀም። በባንክም በቴሌብርም ስትልኩ የሚወጣው ስም የማኅበሩ ስም ካልሆነ አትላኩ። የሰው ስም ከወጣ አቁሙ፣ ደውሉ። ውጭ አገር ያላችሁ ከኮሚቴው አንዱን በድምፅ ሳታነጋግሩ አትላኩ። ከላካችሁም በኋላ ደረሰኝ ጠይቁ። ሳትጠይቁም መስጠት አለብን፣ ብንረሳ ጠይቁ። እንደገና፦ ቁጥሩን ከእድር ጸሐፊ ውሰዱ፣ ስሙን አይታችሁ ላኩ።

ዓይነት ለምታመጡ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰው አለ። አናጢው የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ ክዳኑ ሲወድቅ ከስሩ ነበር።

ኮሚቴው፣ ጎንደር