ሳልለካ የቆረጥኩት ጉርድ

ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ጳጉሜን 4 ማታ፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው። ደሴ ጉም ለብሳለች፤ ጦሳ ጨርሶ አይታይም። ፊቴ ገና ያልተዘመዘሙ 11 ዩኒፎርሞች ተከምረዋል። ባለቤቶቻቸው ነገ ይመጡና ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ጳጉሜን ለሌላው ሰው እረፍት ናት፤ ለልብስ ሰፊ ግን አበሳ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በኔ ሜትር ያልፋል። ማን እንደረዘመ፣ ማን እንደወፈረ ከእናቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ያንቺን ግን ጽፌው አላውቅም። በቃሌ ነው የማውቀው እል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሳልለካሽ ጉርድሽን ቆረጥኩት። ስትለብሺው ከጉልበትሽ በላይ ቀረ። አንቺ ሳቅሽ። እናትሽ «የማንን ልጅ አስበህ ነው የሰፋኸው?» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 7 ሴንቲ! ያን ሁሉ ስታድጊ የት ነበርኩ? እዚሁ፣ ሲንጀሩ ላይ አቀርቅሬ።

ሱቁን ዘግቼ ሐይቅ እንሂድ ያልኩት ለዚህ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ «የዘንድሮው ክረምት ሳያልቅ» እያልኩ ስንት ክረምት አሳለፍኩባችሁ። ስልኬ መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ከኪሴ አውጥተሽ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ደፋር። ዓሣው ሲመጣ ገና አንድም ሳትጎርሺ አጥንቱን ለቅመሽ ለወንድምሽ ስታጎርሺው አየሁሽ። ይህን ማን አስተማረሽ? እኔ አይደለሁም፤ እኔ ሁሌ ሱቅ ነኝ።

እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም ስልሽማ ለቀቅ አላደረግሽኝም። ቦታው ድሮ ደሴት እንደነበር፣ ኋላ ከየብስ ጋር እንደተገናኘ ነገርኩሽ። «ውሃው ከሸሸ ሕጉስ ለምን አይሸሽም?» አልሽኝ። ኧረ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መነኮሳቱን ጠይቂ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛሽ። አምና ጭንቅላትሽ ክንዴ ጋ ነበር የሚደርሰው። የያዝሽው የበቆሎ እሸት ግማሹ እጅሽ ላይ ነበር፤ ከእጅሽ አውጥቼ የበላሁት እኔ ነኝ። ወንድምሽን አትጠርጥሪው።

ትናንት ደግሞ ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ዶፍ ሲሆን ከጎረቤት ልጆች ጋር ወጥተሽ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ስትዪ በመስኮት ሰማሁሽ። ከዚህም በላይ? የጨርቅ ዋጋ እኮ ሰማይ ነክቷል! ብርድ ይመታታል ብዬ ልጠራሽ ስነሳ አያትሽ ቶናውን እየቀዳች «ተዋት፣ ዝናቡ የአላህ ነው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በረካውን እስክንጠጣ አልገባሽም። ስትገቢ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኖ ጥርስሽ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ግን ትስቂያለሽ። አያትሽ በጋቢዋ ጠቅልላ ከሰሉ ዳር አስቀመጠችሽ፤ የጸጉርሽ ውሃ ከሰሉ ላይ ጠብ ሲል ጭስ ጭስ ይላል። እኔ ሱቅ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም።

ዛሬ ጠዋት ለምን ሦስት ጊዜ እንደለካሁሽ አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። አንዴ ይበቃ ነበር። አዲሱን ጉርድሽን አሁን ጨርሼ ተኮስኩት፤ ከ11ዱ በፊት ያንቺ ቀደመ። ከውስጥ አራት ጣት እጥፋት ትቼለታለሁ፤ እንዳትፈቺው፣ እኔ ነኝ የምፈታው። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አደርገዋለሁ።

ደብተሩ ላይም አዲስ ገጽ ከፍቼ ስምሽን ጻፍኩ። ከጎኑ 71። ሴሚስተሩ ሲዘጋ እንደገና ትለኪያለሽ።

አብሽሪ የኔ እናት።

አባትሽ