ከተራራ ጫፍ ስለሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤተሰብ የዕረፍት ጊዜ ባወጣችሁት ጽሑፍ የአማተር ሬዲዮ (በፈቃድ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት) ጉዞ ሳይነሳ በመቅረቱ ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ። «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር» የተባለው፣ አማተሮች ከተራራ ጫፍ ሆነው በሬዲዮ የሚገናኙበት መርሐ ግብር በ2002 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በደንቡ መሠረት የመጨረሻው አቀበት ያለ ሞተር ተሽከርካሪ መወጣት፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ከባትሪ ወይም ከፀሐይ ብርሃን መገኘት አለበት፤ ለተራራው የተመደበውን የውጤት ነጥብ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 4 የተለያዩ ጣቢያዎችን ማነጋገር ያስፈልጋል።

በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ሸለቆ ውስጥ ምንም የማይሰማ ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ከጫፍ ላይ እጅግ ሩቅ ይደርሳል። ባለፈው ጉዟችን ባለቤቴ የአንቴናውን ምሰሶ በድንጋይ ሲያስደግፍ፣ የ11 ዓመት ልጄ ነፋሱ የሚያርገበግበውን ደብተር በጉልበቷ ተጭና ሰዓቱንና የጥሪ ምልክቱን (የእያንዳንዱን ጣቢያ መለያ ፊደልና ቁጥር) ትመዘግብ ነበር። አራተኛው ጣቢያ በጩኸት ተውጦ ስላስቸገረን ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ አስደገምነው፤ በመጨረሻ የሰማችው እሷ ናት። እንዲህ ያለውን የማዳመጥ ትዕግሥት በሌላ ጨዋታ ስታሳይ አላየሁም።

ለመሞከር የሚያስቡ ቤተሰቦች ፈቃድ ካለው አማተር ጋር ይውጡ፤ ደመና ሲጠቁርም፣ ግንኙነቱ ባያልቅ እንኳ፣ መብረቅ ሳይቀድማቸው አንቴናውን አውርደው ከጫፉ ይውረዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ