ከማሽን የሚያላቅቃቸውስ ማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ለሆስፒታል የመተንፈሻ ማሽን ሲለገስ ፎቶውን ታወጣላችሁ፤ ጥሩ ነው። በሽተኛው ከማሽኑ እንዴት እንደሚላቀቅ ግን ስትጽፉ አላየሁም። እኔ ደሴ ነው የምሠራው፣ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነኝ፤ አስታማሚ በር ላይ ይዞ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው።

«ዛሬ ያለ ማሽን እንሞክረዋለን» ስንል ብዙው ቤተሰብ ተስፋ የቆረጥንበት ይመስለዋል። «እባካችሁ ትንሽ ይቆይበት» ብሎ የሚለምን አለ። ግን መቆየቱ ነው የሚጎዳው። ሳንባው ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ድያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻም ሥራ ሲፈታ ጀሶ ውስጥ እንደከረመ እግር ይሰልላል። ያውም በቀናት ውስጥ።

ሙከራው ደግሞ ማሽኑን ነቅሎ መሄድ አይደለም። ሕመሙ ሲሻሻል፣ የደም ግፊቱ ሲረጋ፣ የሚሰጠው ኦክስጅን ወደ 40 በመቶ ሲወርድ፣ የሚያስተኛው መድኃኒት ይቀነስና ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ራሱ እንዲተነፍስ ይደረጋል፤ ቱቦው ያኔ ገና ጉሮሮው ውስጥ ነው። አጠገቡ ቆመን ትንፋሹን እንቆጥራለን። ካለከለከ ወይም ካላበው ማሽኑ ይመለስለታል፣ ያርፋል፣ ነገ ይደገማል። ስለዚህ «አልቻለም» ከተባላችሁ አብሽሩ፣ ያልቻለው ዛሬ ነው። ካለፈ ደግሞ አክታውን ስሎ ማውጣት መቻሉ ይታይና ቱቦው ይወጣል።

ደሴ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማችን 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው የወጣ የደም ኦክስጅን ልክ ጦሳ ተራራ ሥር ለተኛ ሰው እንዳለ አይሠራም፤ እሱን ስንጠብቅ ሰውየው በከንቱ ይከርማል። ኮምቦልቻ እንኳ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች።

እኔን የሚያበሽቀኝ ግን ሙከራው የሐኪም ዙር ሲጠብቅ ነው። እሁድ ከሆነ ለሰኞ፣ ሰኞ ከተጨናነቀ ለማክሰኞ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሽተኛው በየቀኑ በመመዘኛ ታይቶ፣ ሙከራው ተደርጎለት፣ ማለፉ ለሐኪሙ ሲነገር ማሽን ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 ቀን ወደ 4 ቀን ተኩል መውረዱን አሳይቷል። መመዘኛው አንድ ገጽ ነው። ጠዋት ተረኛዋ ነርስ ሞልታ «ይሄ ሰው ዛሬ ይሞከር» እንድትል ሥልጣን ይሰጣት። ሐኪሞቻችን ይከፋቸው ይሆናል፣ ይክፋቸው።

ነርስ ግን ይጨመርልን። ሙከራ ላይ ያለን ሰው ትቶ ሌላ አልጋ ጋ መሮጥ አይቻልም፤ አንዷ ብዙ አልጋ ይዛ ባደረች ቀን መጀመሪያ የሚቀረው ይሄው ሙከራ ነው።

አንድ ነርስ፣ ከደሴ