ልጄ፣ የጀርመኑን ማመልከቻ ራስሽ ሙዪው

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ለጀርመን ማስተርስ የሚያመለክትልሽ ኤጀንሲ እንዳገኘሽና ቅድሚያ ክፍያ እንደጠየቀሽ አባትሽ ነገረኝ። ገንዘቡን እንዳትከፍዪ። ስልክ ላይ ከምንጨቃጨቅ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ ዝርዝሩም በቃል የሚያዝ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን ሬጅስትራር ውስጥ ነው ያሳለፍኩት፤ ወደ ውጭ የሚላክ ትራንስክሪፕት የሚጠብቅ ስንት ልጅ መስኮቴ ላይ ቆሞ አይቻለሁ። የሚቀናው በአብዛኛው ወረቀቱን ራሱ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ነው። ለሰው ሰጥቶ ያስሞላው ልጅ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን እንደጠየቀው እንኳ ሲጠየቅ ይደናገራል።

ከሁሉ ያናደደኝ "አድሚሽኑ ጋራንቲ አለው" ማለቱ ነው። የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ በደላላ አይሸጥም። የሚያዩት ውጤትሽን፣ የወሰድሻቸውን ኮርሶች፣ ቋንቋሽንና ራስሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ ነው። ክፍያውም የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት በርሊን ባለው ኡኒ-አሲስት በሚባል ድርጅት በኩል ነው፤ ለመጀመሪያው ፕሮግራም 75 ዩሮ፣ በዚያው ሴሚስተር ለምትጨምሪው ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ሦስት ቦታ ብታመለክቺ 135 ዩሮ ማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ በቀጥታ በራሳቸው ድረ ገጽ ይቀበላሉ። ታዲያ የኤጀንሲው ሰውዬ የሚጠይቅሽ ያ ሁሉ ብር የምን ነው?

ውጤቴ አይበቃም ብለሽ ተጨንቀሻል አሉ። ቁጭ ብዬ አሰላሁልሽ። እነሱ ጋ ትልቁ ውጤት 1.0 ነው፣ ማለፊያው 4.0፤ ከእኛ ጋር የተገላቢጦሽ ነው። ከእኛ ትልቁ ውጤት ከ4.0 ላይ ያንቺን 3.4 ቀንሺ፣ 0.6 ይመጣል። እሱን በ4.0 እና በማለፊያችን በ2.0 መካከል ላለው ልዩነት፣ ማለትም ለ2 አካፍዪ፣ 0.3። በ3 አባዢና 1 ደምሪበት፣ 1.9 ይሆናል። ብዙ ፕሮግራም 2.5 እና ከዚያ የተሻለ ነው የሚጠይቀው። እንግዲህ ሰውዬው "ውጤትሽ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለሆነ እኔ በሰው አስጨርስልሻለሁ" ያለሽ ምን ያህል እንደቀጠፈ እዪው።

ውጤቱ ከበቃ ቀጥሎ የሚያዩት ኮርሶችሽን ነው። ስቱትጋርት ያለውም ድሬስደን ያለውም የውኃ ምህንድስና ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፣ አርባ ምንጭ የተማርሽው ሃይድሮሊክስና ሃይድሮሎጂም መሠረቱ ነው። ስለዚህ የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ ከዲፓርትመንትሽ አስወጪ። የኮርሱ ስም ብቻ አይበቃቸውም፤ ምን ምን እንደተማርሽበትና ስንት ሰዓት እንደሆነ ማየት ይፈልጋሉ። እንግሊዝኛ ላይ አንዳንዱ "ትምህርቴን በእንግሊዝኛ ነው የተከታተልኩት" የሚል ደብዳቤ ይቀበላል፣ ብዙው ግን አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ካላየ አይሆንም ይላል። በየፕሮግራሙ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ አንብቢው። ደግሞ ስቱትጋርት ያለው ባደን-ቩርተምበርግ ውስጥ ነው፤ እዚያ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። በአብዛኛው ሌላ ክፍለ ሀገር የሴሚስተር መዋጮ እንጂ የትምህርት ክፍያ የለም። ይህን ሰውዬው አልነገረሽም፣ ስቱትጋርትን ብቻ ነው ያሞገሰልሽ።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። እጅሽ ላይ ያለው ቴምፖ፣ ጊዜያዊው ዲግሪ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽን ከፍለሽ መጨረስ አለብሽ፣ ክሊራንሱም ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚች ጋ ነው፤ ቀኑ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ይመጣል፣ እኛም ያለ ክሊራንስ ልንሰጠው አንችልም፣ እያለቀሰ ይሄዳል። ሌላው ስምሽ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽ ላይ የአያትሽ ስም በአንድ "ኤስ" ነው የተጻፈው፣ ዲግሪው ላይ በሁለት። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለማያውቅሽ ሰው ግን ሁለት ሰው ነሽ። ፎርሙን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው አድርገሽ ሙዪ፣ የተለየውን ሰነድ አሁኑኑ አስተካክዪ። ቀኖቹንም ተጠንቀቂ። የተመረቅሽው ሰኔ 2014 ነው፣ ፎርሙ ላይ ሰኔ 2022 ይሆናል። አንዱን በእኛ አንዱን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀላቅሎ ጽፎ፣ ሳይወለድ ትምህርት የጀመረ የሚመስል ልጅ አይቻለሁ።

የክረምት (ዊንተር) ሴሚስተራቸው በእነሱ ኦክቶበር መግቢያ ላይ፣ በእኛ መስከረም 21 ይጀምራል። የተለመደው የመዝጊያ ቀን ሐምሌ 8 ነው፣ በእነሱ ጁላይ 15፤ ለማስተርስ ግን ከዚያ በፊት የሚዘጋው ብዙ ነው። ኡኒ-አሲስት ሰነድ አይቶ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ጎደለ ቢሉሽ ለማሟላትም ጊዜ ያስፈልግሻል። የመጨረሻውን ቀን እንዳትጠብቂ።

ሞቲቬሽን ሌተሩን ለማንም አትስጪ። እዚህ የማውቃቸው ሁለት ልጆች በአንድ ኤጀንሲ አስጽፈው፣ ደብዳቤያቸው ከስማቸው በቀር ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። አንቺ የምትጽፊው ሞልቶሻል። ባለፈው ክረምት ፊልድ ወጥተሽ ያየሽውን ጻፊ፤ የመስኖው መግቢያ በር እስከ ጉልበት ደለል ሞልቶ ገበሬዎቹ በአካፋ ሲጠርጉት፣ አንቺም ዲዛይኑን ከፍተሽ የደለሉ መውጫ ከወንዙ ጋር አለመመጣጠኑን ያገኘሽበትን። በዚያ ምክንያት ምን መማር እንደፈለግሽ ጻፊ። ያን ቀን ስትነግሪኝ ድምፅሽ እንኳ ሌላ ነበር።

ገንዘቡ ከባዱ ነው፣ አልደብቅሽም። ለቪዛ ብሎክድ አካውንት በሚሉት የታገደ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ለዓመት 11,904 ዩሮ ይጠይቃሉ፤ በወር 992 እየተለቀቀ የምትኖሪበት። ፍራንክፈርት ያለው አጎትሽ በዚህ ፈንታ ወጪዋን እችላለሁ ብሎ ሊፈርም ይችላል፣ ግን ፊርማው በሕግ የሚያስጠይቅ ዕዳ ነው፣ እሱም ልጆች አሉት። እኔ አናግረዋለሁ፣ አንቺ አትጫኚው። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ያ ለኪስሽ ይረዳሻል እንጂ ለቪዛው ገንዘብ አይሆንም።

ስለዚህ ዳአድ የሚባለውን የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ስኮላርሺፕ በደንብ እዪልኝ። ኤፖስ የሚሉት ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች ነው፤ ከተመረቁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ዲግሪውም ከስድስት ዓመት ያልበለጠው ይፈልጋል። አንቺ ሁለቱንም ታሟያለሽ። የማመልከቻው ቀን እንደየፕሮግራሙ ነው፣ ከተለመደው ቀድሞ የሚዘጋ ስላለ ከሁሉ በፊት እሱን እዪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ የገባሽበት ቀን፣ ማህተምና ፊርማ ያለው ይሁን።

አባትሽ ለኤጀንሲው ልትከፍዪ ያሰብሽውን ለአይልትሱ አድርጊው ብሏል፣ የጎደለውን እሱ ይሞላል። አንቺ የፓስፖርትሽንና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽን ፎቶ ዛሬ ማታ ላኪልኝ። ማክሰኞ አርባ ምንጭ ሬጅስትራር ለምትሠራው ጓደኛዬ ደውዬ ክሊራንሱ ምን ምን እንደሚጠይቅ አጣርቼ እነግርሻለሁ።

እናትሽ