ይበልጣል ክኒኑን እንዳያቋርጥ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እመቤቴ ማርያም ትመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ይበልጣል የሚጥል በሽታው ወራት ሙሉ ሳይጥለው ቆይቶ፣ «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ትቶ፣ ጠበል ሰንብቶ በተመለሰ በሳምንቱ ምድጃው አጠገብ ወደቀ አልሽኝ። ደግሞም «እናንተ አገር አዲስ ሕክምና ወጥቷል ይላሉ፤ ወንድምሽን ብትወስጅልኝ» አልሽ። የምሠራበት ሆስፒታል እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ስለሚተኙበት፣ ሐኪሞቹንም ነርሶቹንም ጠይቄ ነው የምጽፍልሽ። እታበባ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

አዎ፣ አዲስ ነገር አለ። የራስ ቅል ላይ የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ቀን ከሌት አንጎሉን ይጠብቅና ሕመሙ ሊነሣ ሲል በትንሽ ኤሌክትሪክ ያከሽፈዋል። አሜሪካ የተፈቀደው በፈረንጅ 2013 ነው። ሕመሙ የሚነሣበትን ቦታ ለይቶ፣ ጭንቅላት በሰፊው ሳይከፈት በሌዘር የሚያቃጥል ሕክምናም አለ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ በቤተ ሙከራ የተዘጋጁ፣ የአንጎልን ሁከት የሚያረግቡ ሴሎችን መትከል ነው፤ እሱ ገና በጥቂት ሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ስሰማ እኔም ተስፋ አድሮብኛል።

ግን እማዬ፣ ይህ ሁሉ ለማን እንደሆነ ልብ በይ። ሁለት ዓይነት ተስማሚ መድኃኒት ሳያቋርጥ ውጦ እንቢ ላለው ሰው ነው። ከሦስት በሽተኛ አንዱ ገደማ እንዲያ ነው። ይበልጣል ግን መድኃኒት የያዘለት ልጅ ነው! እነዚያን ወራት ሳይጥለው የቆየው በምን ይመስልሻል? የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው እስከ 70 በመቶው በወጉ ቢታከሙ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ ይላል። የእሱ ክኒን ፌኖባርቢታል ነው። አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጅ 1912 ለእንቅልፍ ብሎ ሲሰጣቸው በሽተኞቹን መጣሉ እንደቀነሰላቸው አይቶ ነው የተጀመረ። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት።

እኔን የሚያስፈራኝ ድንገት መተዉ ነው። አንጎል የለመደውን ማርገቢያ ባንዴ ሲያጣ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይነሣል፤ አንዳንዴም አላባራ ብሎ ሰው ይገድላል። ማቆም የሚቻለው ዓመታት ሳይጥለው ከቆየ በኋላ፣ ሐኪም እያየው፣ ቀስ በቀስ ነው። አሁንም በገዛ እጁ አይጀምር፤ በዚህ ሳምንት ይዘሽው ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ።

ጠበሉን ተዉ አላልሁም። አቡነ ጳውሎስም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱት ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ መክረው ነበር። የይበልጣል ክኒን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ በቀን አንዴ፣ ማታ ነው የታዘዘለት፤ ስለዚህ ጾሙን አይነካበትም። ይህን ለንስሐ አባታችን ንገሪልኝ፤ እሳቸው ቢሉት ይሰማቸዋል። ማሕሌት ቆሞ ማደሩን ግን ለጊዜው ይተወው፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። አረቄም እንዲሁ።

የታንኳውን ነገር ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ብቻውን ሲቀዝፍ፣ መካከል ጣና ላይ ቢጥለው ማን ያወጣዋል? ሕመሙ እስኪረጋጋ የአጎቴ ልጅ ይቅዘፍ፣ እሱ ባሕር ዳር ሆኖ እንጨቱን ይሽጥ። የጎደለበትን እኔ እሞላለሁ። ምድጃውንም ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ዙሪያውን ከልሉት።

ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ስለሚያቆም ክብሪቱ የሠራ ይመስላል እንጂ ጭሱ ምንም አያደርግም። በጎኑ አስተኙት፣ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉለት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፤ እጁንና እግሩን ጨምቃችሁ አትያዙ። በደንብ እስኪነቃ ውኃ እንኳ አይቅመስ። ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ባጃጅም ይሁን ያገኛችሁት መኪና፣ ሩጡ ወደ ሆስፒታል። ለጎረቤቶቹም ንገሪያቸው፤ ለሃጩ አያስተላልፍም። ወንድሜን እንደ ርኩስ ሸሽተው መሬት ላይ እንዳይተዉት።

የቀጠሮ ካርዱንና የክኒኑን ማሸጊያ እታበባ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ መጠኑን ማየት እፈልጋለሁ። ለመድኃኒት ገንዘብ ዓርብ ይደርሳችኋል፤ የሁለት ወር አንድ ላይ ይገዛ፣ ጠፋ እንዳይባል። ይበልጣል ራሱ ይደውልልኝ፤ ልቆጣው አይደለም፣ ድምፁን ልስማው።

አባዬን፣ እታበባን፣ አጎቴን ከነቤተሰቡ ሳሚልኝ።

ልጅሽ ባንቺአየሁ