ሰው ነው ወይስ ፕሮግራም? የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የኮምፒውተር ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሠራው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ በኢንተርኔት ጨዋታዎች ውስጥ በሚገኙ ገበያዎች ሰው የሆነውን ተጫዋች በሰው ስም ከሚነግድ ፕሮግራም እንዴት መለየት ይቻላል? ጥያቄውን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ሳምንት ሙሉ የለፉበትን ዕቃ ለገበያ ባቀረቡ በሰከንዶች ውስጥ አንድ የማይታወቅ ሻጭ ዋጋ ሰብሮ ገዢውን እንደሚወስድባቸው በምሬት ይናገሩ ነበር።

እነዚህን ጨዋታዎች ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ተጫዋቾች ማዕድን ቆፍረው፣ አድነው ወይም ሠርተው ያገኙትን እርስ በርስ ይሸጣሉ፤ ዋጋውንም የሚወስነው የእነሱው ፍላጎትና አቅርቦት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን ገበያ እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ፣ ጨዋታውን የሠራው ኩባንያ በ2007 ኤይዮልፉር ጉድሙንድሰን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት ማዕከላዊ ገበያ የከፈተው ሩንስኬፕ የተባለው ጨዋታ ደግሞ አንድ ተጫዋች በአራት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ዓይነት ዕቃ ሊገዛ የሚችለውን መጠን ገድቧል። ፕሮግራም አይተኛም፣ አይራብም፣ አይሰለችም፤ ከእርሱ ጋር በእኩል ሜዳ ቆሞ መነገድ ለሰው ከባድ ነው።

በሌሎች ጨዋታ ውስጥ ፕሮግራም አስገብቶ መሞከር ደንብ መጣስ ስለሆነና ኢንተርኔቱም ስለማያስተማምን፣ በኮምፒውተር ክፍላችን የውስጥ ኔትወርክ ላይ ጤፍ፣ ጨው፣ ማርና በርበሬ የሚሸጥበት የራሳችንን ትንሽ ገበያ ሠራን። አንዱ ቡድን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚነግዱ ፕሮግራሞችን ይጽፋል፤ ሌላው የግብይት መዝገቡን ብቻ አይቶ ይመረምራል። የትኛው አካውንት የሰው፣ የትኛው የፕሮግራም እንደሆነ የሚገልጸው ዝርዝር በታሸገ ፖስታ በእኔ በመምህራቸው ዘንድ ይቀመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች በየ20 ሰከንዱ ስለሚነግዱ ወዲያው ተያዙ። ጸሐፊዎቹ ግን በሳምንቱ ፕሮግራሙ ከ10 እስከ 40 ሰከንድ መካከል በዕጣ እየመረጠ እንዲቆይ አደረጉት፤ መርማሪዎቹም ተቸገሩ። ሰው በእርግጥ እንዴት እንደሚነግድ ማየት እንደሚያስፈልግ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቅዳሜ ገበያ ወርደን፣ ነጋዴዎቹን አስፈቅደን በበርበሬ ተራ ቆምን። ደብተርና ሰዓት የያዘ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ከግብር የመጣን መስሏቸው ነበር፤ ነገሩን ካስረዳናቸው በኋላ ግን መቀመጫ ሰጡን። የአንዲት እናት ሽያጭ ብቻ ብዙ አስተማረን። ሦስት ገዢዎች በላይ በላዩ መጡባቸው፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም፤ ከጎረቤታቸው ጋር ቡና ጠጡ፤ እንደገና ሁለት ገዢዎች ተከታትለው መጡ። የፊዚክስ ተመራማሪው አልበርት ላዝሎ ባራባሺ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የሰው ሥራ ጥድፊያና ረጅም ዝምታ የሚፈራረቁበት እንጂ በዕጣ እኩል የተበተነ አይደለም። ተመልሰን መዝገቡን ስንፈትሽ፣ በዕጣ የሚቆየው ፕሮግራም ከ40 ሰከንድ የበለጠ ዝምታ አንድም ጊዜ እንዳልነበረው አገኘን። ሰው ግን ውኃ ሊጠጣ ይወጣል፣ ከጓደኛው ጋር ያወራል።

በጥር ወር የደረሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ያሰብኩበት ነገር ነው። ከጥምቀት በኋላ በተደረገው ዙር መርማሪዎቹ አንድን አካውንት ያለ ምንም ጥርጥር ፕሮግራም ነው ብለው አገዱ፤ በየ60 ሰከንዱ፣ ያለ ዝንፈት ይነግድ ነበር። ፖስታው ሲከፈት አካውንቱ የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ እንባዋ እየመጣ «መምህር፣ እኔ እኮ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነው የሠራሁት፤ ደብተሬን ይዩልኝ» አለችኝ። ደብተሯ በማስመሪያ የተከፈለ ነበር፤ በየደቂቃው የጤፉ ዋጋ በእርሳስ ተጽፏል፣ የተሳሳተው በላጲስ ጠፍቶ ታርሟል፣ በዳር በኩል የቀረው ገንዘብ ተደምሯል። በሱቅ እናቷን ስታግዝ የለመደችው አሠራር ነበር። በጥንቃቄዋ ምክንያት ተቀጣች ማለት ነው፤ መርማሪዎቹም በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋት።

በማግስቱ በሰሌዳው ላይ አንድ ስሌት ሠራን። ከ1,000 ተጫዋቾች 20ዎቹ ፕሮግራሞች ቢሆኑ፣ መመርመሪያችንም ከመቶ 95 ጊዜ ትክክል ቢሆን፣ ከ20ዎቹ 19ኙን ይይዛል፤ ከ980ዎቹ ሰዎች ደግሞ 49ኙን በስሕተት ይይዛል። ከተያዙት 68 መካከል 49ኙ ንጹሓን ናቸው። ተማሪዎቹ ስሌቱ የተሳሳተ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ደግመው ሠሩት። በእኔ እምነት ክበቡ ዘንድሮ ካገኘው ዕውቀት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሰውን በአንድ ምልክት ብቻ ማገድ እንደማይገባ በቃል ብነግራቸው ኖሮ እንዲህ አይገባቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ምስክር መፈለግ ያዙ። በጣም የሠራልንን ዘዴ ያመነጨችው ያችው የታገደችው ተማሪ ናት። በጨዋታው መካከል በኮምፒውተሩ ሳይሆን በክፍሉ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብዙ ጤፍ ይገባል» ብለን ጻፍን። ሰሌዳውን ያዩ ተጫዋቾች ጤፍ መግዛት አቆሙ፤ ፕሮግራሞቹ ግን ሰሌዳ ስለማያዩ በውድ ዋጋ መግዛታቸውን ቀጠሉ። የእርሷ አካውንት ደቂቃውን ሳያዛንፍ በመሸጥ በኩል ሆነ፤ በሰዓት የምትሠራ ብትሆንም ወሬ የሚደርሳት ሰው መሆኗ ተመሰከረ።

በመጋቢት ደግሞ ከማደን ይልቅ የገበያውን ደንብ ማስተካከል ሞከርን። ኢቭ ኦንላይን እ.ኤ.አ. በ2020 ዋጋ የሚለወጠው በመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ በ1,234,000 የቀረበን ዕቃ ዋጋ ለመስበር ቢያንስ 1,000 መቀነስ ግድ ሆነ። እኛም በአንድ ሳንቲም ዋጋ መስበርን ከልክለን ዝቅተኛውን ልዩነት 50 ሳንቲም አደረግነው። ፕሮግራሞቹ ያን ሁሉ ፍጥነታቸውን ይዘው ትርፋቸው ወዲያው ቀነሰ፤ ማንም አልታገደም፣ ማንም አልተከሰሰም። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን መንገድ ነው።

መብራት በመጥፋቱ የሚያዝያ ሁለት ዙሮች ተሰርዘዋል። በግንቦት በተደረገው የመጨረሻ ዙር መርማሪዎቹ በመዝገባቸው «ሰው» እና «ፕሮግራም» ከሚሉት ዓምዶች ጎን «አልተወሰነም» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ጨምረው፣ አንድ አካውንት በዚያ ውስጥ አስገቡና ሳያግዱት ቀሩ። ፖስታውን ስከፍት የአካውንቱ ባለቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ በቦታው ሲሆን ራሱ ይነግዳል፣ ሲወጣ ፕሮግራሙን ተክቶ ይሄዳል። ሰው ነው ይባል ወይስ ፕሮግራም በሚለው ላይ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተከራክረን አልተስማማንም። መዝገቡ በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በመስከረም የምንጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።